የጋሽ ሚሊሜትር ቀኝ እግር

ጋሽ ሚሊሜትር ሰፍቶ የጨረሰውን ልብስ ሳይጎትት ለባለቤቱ አስረክቦ አያውቅም። ስፌቱን በሁለት አውራ ጣቶቹ መሃል ይይዝና ጆሮውን አስጠግቶ ግራና ቀኝ ይስበዋል። ኮት ከሆነ ብብቱ ሥር፣ ሱሪ ከሆነ ሰው ሲቀመጥ የሚወጠረው ቦታ ላይ። አዲስ ልብሱ ዓይኑ እያየ እንዲያ ሲወጠር የማይሳቀቅ ደንበኛ አላጋጠመኝም።

«ኧረ ጋሼ፣ ይቀደዳል!» ይላሉ።

«ከተቀደደ እዚሁ እኔ ፊት ይቀደድ፤ ሰው መሃል ከሚያዋርድህ» ይላቸዋል።

ስፌቱ ዝም ካለ ልብሱን ወደ እኔ ይወረውረዋል፤ እኔ እተኩሰዋለሁ። ክር ጠቅ ካለች ግን ደንበኛው ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ሠርግ አለብኝ ቢል፣ ተርትሮ እንደገና ይሰፋዋል። ስሙንም ያወጡለት እነዚሁ ደንበኞች ናቸው። ሴንቲሜትር ለአናጢ ነው ስለሚል ሚሊሜትር አሉት።

እኔ ካውያ ተኳሽ ነኝ፤ ቁልፍም እተክላለሁ። በአንድ ክፍል አብረን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተናል። ሱቃችን ከመንገዱ ዝቅ ያለች፣ በሦስት ደረጃ የሚወረድባት ናት። ያለቻት አንዲት መስኮት ስትሆን በእሷም የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነው። ጋሽ ሚሊሜትር ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳይል፣ የሱሪ ጫፍ በዓይኑ ጥግ አይቶ ማን እንዳለፈ ይነግረኛል። «ያ የባንክ ዘበኛ ሱሪውን አሁንም አላሳጠረውም» ይላል ለራሱ እንደ ማዘን ብሎ።

የስፌት መኪናዋ በእግር የምትረገጥ ናት። «ሞተር ይገጠምላት» ብዬው ነበር። አንድ ቀን ከጎረቤት ተውሶ ሞከረና የሱሪ ኪስ ሊሰፋ ጀምሮ ማቆም አቅቶት ጉልበቱ ላይ ደረሰ። «ይሄ እኔን ይነዳኛል እንጂ እኔ አልነዳውም» ብሎ በዚያው ዕለት መለሰው። በእግሩ ሲረግጥ ግን መርፌዋን አንዴ ብቻ አጥልቆ ማቆም ይችላል። ሰው እጁ የሚያውቀውን ሥራ የእሱ ቀኝ ቁርጭምጭሚት ያውቀዋል። ያ እግር ከሌለ ጋሽ ሚሊሜትር የለም። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ ተነጋግረንበት ግን አናውቅም።

ይኸው እግር ደግሞ ከዳተኛ ነበር። በወጣትነቱ ከጭነት መኪና ላይ ሲዘል ወለም ብሎታል። ወጌሻ አሸው፣ አበጠ፣ ጎደለ፣ ተረሳ። ከዚያ ወዲህ ወለምታው ልማድ ሆነ። ጠጠር አይፈልግም፣ ጉድጓድ አይፈልግም፤ ደልዳላ መሬት ላይ እየሄደ እግሩ ወደ ውስጥ እጥፍ ይላል። ስለዚህ ሲሄድ ዓይኑ ከመሬት አይነሣም ነበር። የሱቁን ደረጃ የሚወርደው በጎኑ ነው፣ ግድግዳውን ይዞ። ስጠይቀው «ጫማው ነው» አለኝ። ጫማ ቀየረ። «ድንጋዩ ነው» አለኝ።

አንድ ጠዋት ትልቁን መቀስ አስስሎ ሲመለስ ሁለተኛው ደረጃ ላይ እግሩ ከዳው። እኔ የጋለ ካውያ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ሲወድቅ አየሁት እንጂ ልይዘው አልቻልኩም። መቀሱ ከአንገቱ አንድ ስንዝር ርቆ የእንጨቱ ወለል ላይ ተተከለ። ጋሽ ሚሊሜትር እንደተጋደመ መቀሱን ትክ ብሎ አየውና፣

«ስለቱ ተበላሸ?» አለኝ።

ለሚስቱ የነገርኳት እኔ ነኝ። የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። ብዙ አልተናገረችም። «ወይ ሐኪም ዘንድ ትሄዳለህ፣ ወይ ደረጃው ሥር ፍራሽ አነጥፌ እዚያው እንኖራለን» አለችው። ሦስታችንም ሄድን።

የአጥንት ሐኪሙ ድምፁ ዝግ ያለ፣ እጁ ትልልቅ ሰው ነው። ጋሽ ሚሊሜትርን አልጋ ላይ አስቀመጠና በአንድ እጁ ቅልጥሙን ይዞ፣ በሌላው ተረከዙን ጨብጦ ወደ ፊት ሳበው። እግሩ ተንሸራቶ መጣ። ከዚያ ግራውን ሳበ፤ ንቅንቅ አላለም። ዞሬ ጋሽ ሚሊሜትርን ሳየው ፊቱ ተለዋውጧል። ሌላ ሰው ሲጎትት አይቶ አያውቅማ።

«ጅማቱ ጨርሶ አልተበጠሰም» አለ ሐኪሙ። «ደጋግሞ እየተሳበ ረዝሟል፣ እንደ አሮጌ ላስቲክ። አሳጥረን መልሰን ከአጥንቱ ጋር እንሰፋዋለን።»

«በምን?»

«በጠንካራ ክር። አጥንቱ ውስጥ ክሩን የሚይዝ ትንሽ ነገር እንተክላለን።»

«ቁልፍ በለው» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ። ከዚያ ወደ ሐኪሙ፣ «ስፌቱ ነጠላ ነው ድርብ?»

እትዬ በክርኗ ጎሸመችው። ሐኪሙ ግን ሳይስቅ መለሰለት። «ድርብ ነው፤ በላዩም ሌላ ሥጋ እንደርብበታለን።»

«ካጠበባችሁትስ?»

«እሱ ነው የሥራው ከባዱ። ከላላ ይከዳዎታል፤ ከጠበቀ እንደ ልብ አይታጠፍም። አንድ ነገር ግን ልንገርዎት። አሁን ያደረግኩትን፣ ይቺን መጎተት፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አሥራ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ማንም አያደርጋትም። እኔም አላደርጋትም።»

ጋሽ ሚሊሜትር ራሱን ነቀነቀ። የገባው መስሎኝ ነበር።

ለቀዶ ሕክምናው በተቀጠረበት ቀን ከኪሱ የታጠፈ ካርቶን አወጣ። ልብስ በምንቆርጥበት ካርቶን ነው የሠራው። መኪናዋን ሲረግጥ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ላይ የሚታጠፍበትንና ወደ ታች የሚዘረጋበትን ለክቶ በመቀስ ቀዶታል። «ከዚች እንዳታጠቡብኝ» ብሎ ለሐኪሙ ሰጠው። ሐኪሙ ካርቶኑን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና ከራጁ ጋር ፋይሉ ውስጥ አስገባው።

እትዬና እኔ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። የእሱን ጫማ በፌስታል አድርጋ ጭኗ ላይ ይዛለች። የግራው ሶል ደህና ነው። የቀኙ በውጭ በኩል ተበልቶ አጋድሏል። የተበላውን በጣቷ ትዳብሳለች።

«ስንት ዓመት ሙሉ ይሄን ጫማ እየጠረግኩ አየሁት» አለችኝ። «እንዴት ዝም አልኩ?»

እኔም ደረጃውን በጎኑ ሲወርድ በየቀኑ እያየሁ ዝም ብያለሁ። ሰዓቱ አልሄድ አለ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁለታችንም እንነሣለን፤ የሚወጣው ግን የሌላ ሰው ነርስ፣ የሌላ ሰው አልጋ ነው። በመጨረሻ አንዲት ነርስ ጭንብሏን አውርዳ ወደ እኛ መጣች።

«የልብስ ሰፊው ቤተሰቦች ናችሁ? ደህና ነው። ከወገቡ በታች ብቻ ስላደነዘዝነው በመጋረጃው በኩል ክሩን ስንት ጊዜ እንደምትቋጥሩ ንገሩኝ እያለ አላሠራ ብሎናል።»

እትዬ ሳቀችና እዚያው ማልቀስ ጀመረች።

ሁለት ሳምንት በጀሶ ቆየ። ከዚያ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ሲላቀቅ ቸርርር የሚል ማሰሪያ ያለው የፕላስቲክ ቡትስ አጠለቁለት። በሁለት ክራንች ከአልጋ እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ አልጋ ሆነ ኑሮው። የእጅ ሥራ እወስድለታለሁ፤ ጫፍ መዘምዘም፣ የቁልፍ ቀዳዳ። አንድ ቀን ሱቅ እያለሁ ስልክ ደወለ።

«አንዴ ርገጣት» አለኝ።

«ምኗን?»

«መኪናዋን ነዋ! ልስማት።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ረገጥኩ። ጎረቤት ቢያየኝ ምን ይለኛል እያልኩ አንድ ደቂቃ ያህል ባዶ ጨርቅ ሰፋሁ።

«ዘይት አጠጣት። አንተን ጠልታሃለች» ብሎ ዘጋው።

ሲያወራ ይቀልዳል፤ ግን ይከሳ ነበር። እግሩን እንደ እንግዳ ሰው ያየዋል። «ይሄን ስፌት ማን አየው? ያዘ አልያዘ በምን ይታወቃል?» ይለኛል። ሐኪሙ ያውቃል ስለው፣ «ሐኪሙማ ሰፍቶ ሄደ። የሰፋውን አልጎተተውም» ይላል። ይህን በሰማሁ ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ሁለት ሱሪ ይዤ ሄድኩ። እትዬ ሥራ ላይ ናት። በሩ ገርበብ ብሏል። ቡትሱ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቀኝ እግሩን ግራ ጉልበቱ ላይ ጭኖ በሁለት እጁ ይዞታል። ግንባሩ በላብ ተጠምቋል።

«በሩን ዝጋው» አለኝ።

«ጋሼ፣ ምን ሆነሃል? ቡትሱን ማን አወለቀው?»

«ጎተትኩት።»

«ምኑን?»

አያያዙን ሳይ ገባኝ። አንድ እጁ ቅልጥሙ ላይ፣ አንድ እጁ ተረከዙ ላይ ነው፣ ቁርጥ እንደ ሐኪሙ።

«ቀስ ብዬ ነበር የጀመርኩት» አለ። «አልመጣም። ደስ አለኝ። ትንሽ ጨመርኩ። ጠቅ አለ።»

«ምን ዓይነት ጠቅ?»

«አንተ ታውቀዋለህ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሰማው የኖርከው ጠቅ ነው።»

ወንበሩን ስቤ ከፊቱ ተቀመጥኩ። ጠባሳው በስተ ውጭ በኩል ቀይ ሆኖ ዙሪያው ማበጥ ጀምሯል።

«ለምን ጋሼ? ሐኪሙ አልነገረህም?»

«አንድ ስፌት ሳልጎትት ከእጄ ወጥቶ ያውቃል? ለማላውቀው ሰው ሱሪ እንኳ የማላደርገውን ለራሴ እግር ላድርግ? ልሰፋበት ነው እኮ! ሳላውቅ ልረግጥበት ነው?» ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ለእሷ አትነግራትም።»

«ለሐኪሙስ?»

«አሥር ቀን ይቀረዋል ቀጠሮዬ። ያኔ ራሱ ያየዋል። ምናልባት እኮ ምንም አልሆነም። አይደል?»

አይደል ሲለኝ እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። እሺ አልኩት። ቡትሱን መልሼ አጠለቅኩለት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ለእኔ ቀን አልነበሩም። ጅማቱ ተበጥሶ ከሆነ እግሩ እንደገና ሊቀደድ ነው? ወይስ እስከ ነጭራሹ አይሰፋም? ሐኪሙ ቶሎ ቢያውቅ የሚያድነው ነገር ቢኖርስ? ለእትዬ ብነግራት ከዳሁት፤ ባልነግራት እግሩን ሸጥኩት። ይህን ሳወጣና ሳወርድ ካውያውን ሱሪ ላይ ረስቼ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ልብስ አቃጠልኩ። የካውያው ቅርጽ ጭኑ ላይ ቁጭ አለ። ሽታው ሳይጠፋ እትዬ የሱቁን ደረጃ ወርዳ መጣች።

ሱሪውን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«ሁለታችሁም ዓይኔን ማየት ትታችኋል» አለች። «እሱ ማታ ማታ እግሩን ከብርድ ልብስ ውጭ አያወጣልኝም። አንተ ደግሞ ሱሪ አቃጠልክ። ምንድን ነው የደበቃችሁኝ?»

ነገርኳት። አልጮኸችም። የተቃጠለውን ሱሪ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ይሄን እንኳ ቶሎ ብትነግረኝ» አለች። ይሄን ያለችው ስለ ሱሪው እንዳልሆነ ገብቶኛል። ወዲያው ለሐኪሙ ደወለች።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ስንደርስ ጋሽ ሚሊሜትር እኔን አላናገረኝም። ሐኪሙን ግን ማናገር ግድ ሆነበት።

«ጎተትኩት፣ ዶክተር።»

ሐኪሙ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እብጠቱን ዳበሰ፤ በአልትራሳውንድም አየው።

«ጅማቱ ቦታው ላይ ይታየኛል» አለ። «ጠቅ ያለው ውስጥ የተጣበቀ ጠባሳ ሲላቀቅ ሊሆን ይችላል። ከክሮቹ አንዱም ሊሆን ይችላል።»

«ይጎትቱትና ይዩታ!» አለ ጋሽ ሚሊሜትር።

«አልችልም። ደህና ከሆነ እኔ ስጎትተው ልበጥሰው ነው። እርስዎ ባይነኩት ኖሮ ዛሬ በልበ ሙሉነት ደህና ነው እልዎት ነበር። አሁን ሳላውቅ መጠበቅ አለብኝ። ሁላችንም።»

ሌላ ሦስት ሳምንት ቡትሱ ለመታጠብ ካልሆነ በቀር እንዳይወልቅ አዘዘ። እንቅስቃሴ ሊጀምር የነበረውም ተራዘመ።

ያን ዕለት እትዬ ቤት ገብታ መርፌና ጥቁር ክር አነሣች። ቡትሱን ካጠለቀችለት በኋላ ማሰሪያዎቹን አንድ ላይ ሰፋቻቸው። በየቀኑ ከሥራ ስትመለስ በምላጭ ፈትታ እግሩን ታጥብለታለች፤ እንደገና ትሰፋለች። እጇ ለመርፌ አይደለም። አንዱ ስፌት ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ልጠይቀው ስሄድ ጋሽ ሚሊሜትር ቡትሱ ላይ አፍጥጦ ተቀምጧል።

«አይተኸዋል?» አለኝ። ከተኮራረፍን በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ነው። «እየው እስቲ ይሄን! ሰው ቤት እንኳ አድርጌው ልሄድ የማልችለውን።»

«ላስተካክለው?»

«እንዳትነካው! ከተነካ ታውቀዋለች። እንደዚህ አጣሞ የሚሰፋ ሌላ ሰው የለም።»

ያኔ ሳቅን። ግን ሳቁ ሲያበቃ ሁለታችንም እግሩን ነበር የምናየው።

አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ደረሰ። እትዬ ፈቃድ ወሰደች። ጋሽ ሚሊሜትር አልጋው ላይ ወጥቶ ሱሪውን ጠቀለለ። ሐኪሙ እጆቹን አሻሽቶ አሞቀና ቅልጥሙንና ተረከዙን ያዘ።

«ይቆዩኝ» አለ ጋሽ ሚሊሜትር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «እሺ።»

ሐኪሙ ሳበ። እኔ ሳላውቀው አንገቴን አስግጌ ድምፅ እያዳመጥኩ ነበር። ሐኪሙ ግራውን ሳበ። ተመልሶ ቀኙን ሳበ።

«ይዟል» አለ።

እትዬ ዓይኗን ጨፈነች። ጋሽ ሚሊሜትር ግን ከግድግዳው አልዞረም። «ምንም አይመጣም?»

«ከግራው ትንሽ ይበልጣል።»

«ስንት?»

ሐኪሙ አመነታ። «ሁለት ሚሊሜትር ቢሆን ነው።»

«እኔ ነኝ ያመጣሁት? ወይስ ሲሰፉት የተዉት ነው?»

«አላውቅም» አለ ሐኪሙ። «ይህንን መቼም አናውቀውም። ግን ይሠራበታል።» ከፋይሉ ካርቶኑን አውጥቶ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ለካው። ወደ ታች ልክ ነው። ወደ ላይ ትንሽ ይጎድለዋል፤ በእንቅስቃሴ ይመጣል አለ።

ሱቅ የተመለሰው ከዚያ ወዲህ ወር ሙሉ አንድ እግሩ ላይ መቆም፣ ተረከዙን ማንሣትና ማውረድ ከተለማመደ በኋላ ነው። ደረጃው አፋፍ ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ ጎኑን ሊያዞር ጀመረና ተወው። ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ ወረደ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እኔ ካውያውን አስቀምጬ ሁለት እጄን ባዶ አድርጌ ከታች ቆሜ ነበር። እንዳላየ አለፈኝ።

መኪናዋ ላይ ተቀመጠ። ቀኝ እግሩን መርገጫው ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ረገጠ። መጀመሪያ ተደናቀፈች፤ ቀጥሎ የማውቀው ድምፅ መጣ። የአንድ ሱሪ መቀመጫ ሰፋ፣ ቀጥ ያለ፣ እንደ ድሮው። ክሩን ቆረጠና አነሣው። ሁለት አውራ ጣቶቹ ስፌቱ ላይ ሄዱ።

እዚያ ቆሙ።

ጣቶቹን አየሁ፤ ስፌቱን ይዘዋል እንጂ አይስቡም። በመስኮቱ ሁለት ሦስት ሰው አለፈ፤ ማን እንደሆነ አልነገረኝም።

«እንካ» አለኝ በመጨረሻ። ሱሪውን ዘረጋልኝ። «አንተ ጎትተው።»

ጎትቼ አላውቅም። ስፌቱን እንዳየሁት በአውራ ጣቶቼ ያዝኩና ጆሮዬን አስጠግቼ ሳብኩ። ዝም አለ።

«ይዟል፣ ጋሼ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ።

«እንደዚያ በስሱ አይደለም» አለ። «ጠንክር።»